ግድግዳው በየሐምሌው ለምን ይረጥባል? የእናቴ ቤትና 36 መልሶች

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት ሐምሌ 14 ቀን ማታ ነው። እናቴ የምትኖረው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ተዳፋት ላይ ባለ ሰፈር ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ። ከ12 ዓመት በፊት እኔና ወንድሞቼ ገንዘብ አዋጥተን ውስጡንም ውጭውንም በሲሚንቶ አስለሰንነው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ደግሞ ለመወልወል እንዲመች ብለን የዘይት ቀለም አስቀባነው።

ክረምት በገባ ቁጥር ታችኛው ግድግዳ ይረጥባል። ቀለሙ ይነፋል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ከረገፈው ሥር ነጭ ዱቄት ይወጣል። ግንቦት ላይ ውሃ አያስገባም የተባለ ቀለም በውድ ገዝተን አስቀባን፤ ሐምሌ 10 ቀን ሳይሞላው ተላላጠ። እናቴ አልጋዋን ከግድግዳው አርቃ ወደ መሃል ጎትታዋለች፤ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ቀለም ቀቢው ችግሩ ከጣራው ነው ብሎኛል። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ጣራውን ላስቀይር ወይስ ሌላ ቀለም ልሞክር?

ከዚያ በኋላ የመጡትን መልሶች ከዚህ በታች በተራ እተርካለሁ። ክሩ በጣም ረዝሟል፣ መሃል ላይም ጠብ አለበት፤ ሰው ግን በየሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ሁሉን ማንበብ ለማይችል እንዲሆን ነው።

1ኛው መልስ የአንዲት እህት ነው። ለእናቴ ምሕረት ተመኝታ፣ የእሷም ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የመኝታ ቤቷ ማዕዘን እንደሚጠቁር ነገረችን። መሬት ላይ ያለ ቤትና 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አንድ ዓይነት በሽታ ሊይዛቸው ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ያኔ ማንም ልብ አላለውም። 2ኛው መልስ ሰጪ ሴራሚክ እስከ ወገብ ድረስ አስለጥፎ እንደተገላገለ ጻፈ፤ እኔም እንዲሁ እንዳደርግ መከረኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሴራሚክ ዋጋ ሳይቀር ማጠያየቅ ጀምሬያለሁ።

3ኛው መልስ ግን አስቆመኝ። ጸሐፊው በግንባታ ሥራ ፎርማን ሆነው ከ20 ዓመት በላይ የቆዩ ሰው ናቸው። የ2ኛውን ምክር በትሕትና አረሙት፦ ሴራሚክ ውሃውን አይከለክለውም፣ ይሸፍነዋል፤ መውጫ ያጣው ውሃ ደግሞ ከሴራሚኩ በላይ እስኪወጣ ድረስ መውጣቱን ይቀጥላል። መፍትሔ ከመናገራቸው በፊት አራት ነገር ጠየቁኝ። እርጥበቱ ከወለሉ ስንት ከፍታ ላይ ይቆማል? እኩል መስመር ሠርቶ ነው ወይስ እዚህም እዚያም በቦታ በቦታ? ጥር ላይ ይደርቃል? ኮርኒሱ ላይ እድፍ አለ?

4ኛው የእኔ መልስ ነበር፦ እስከ ጉልበት፣ እኩል መስመር፣ ጥር ላይ ይደርቃል፣ ኮርኒሱ ንጹሕ ነው።

በ5ኛው መልስ ፎርማኑ እንግዲያው ጣራውን አትንካ አሉኝ። ጣራ ሲያፈስ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኮርኒሱንም ያበላሻል። ዓመቱን ሙሉ ጥርም ሰኔም ሳይል የሚረጥብ ቢሆን ደግሞ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ወይም የላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ይጠረጠር ነበር፤ የራስ ቧንቧ መሰበሩን ለማወቅ የውሃ መክፈቻውን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪው ይዞር እንደሆነ ማየት ይበቃል። የእኛ ግን ከመሬት የሚወጣ ነው። አወጣጡን በኩራዝ ክር መሰሉት፦ ክሩ ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ ድንጋዩና ጭቃው በውስጣቸው ባለው ጥቃቅን ቀዳዳ ከሥር ያለውን ውሃ ይስባሉ። ነጩ ዱቄትም ውሃው ከአፈሩ አሟሙቶ ያመጣው ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ ጨው ሲደርቅ እያበጠ ልስኑን ይገፋዋል። ለዓመታት ኖራ ነው ብዬ በመጥረጊያ ስጠርገው የነበረው ነገር እሱ ነበር።

6ኛው መልስ ሰጪ ስሌት ይወዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእናቴ ጣራ 60 ካሬ ያህል ቢሆንና አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ መሬቱ የትናንቱን ሳይጨርስ የዛሬው ይጨመርበታል። ከዚያ የቤቱ ጀርባ አሸንዳ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለውም። ዝጎ ሲበሳ አውልቀን ጥለነው ሌላ አልተካንለትም። እንግዲህ የጣራው ግማሽ ወደ ጀርባ ስለሚያፈስ፣ በአንድ ዝናብ 30 ጀሪካን ውሃ እናቴ ከምትተኛበት ግድግዳ ሥር እየደፋን ኖረናል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ።

የሁሉ ቁልፍ ግን 7ኛው መልስ ሆነ። አንድ የሽሮ ሜዳ ሰው በሰፈራችን ኮብልስቶን ተነጥፎ እንደሆነ፣ ከተነጠፈም በኋላ መንገዱ ከግቢው ከፍ ብሎ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ግድግዳው መርጠብ የጀመረው ከተለሰነ ጊዜ አንሥቶ እንደሆነ ነበር የማምነው። ለእናቴ ደወልኩላት። እሷ ግን ጊዜውን አልረሳችውም፦ ልስኑ መጀመሪያ የረገፈው ድንጋዩ መንገድ ከተነጠፈ በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ቀድሞ ከመንገድ ወደ ግቢ ስንገባ አንድ ደረጃ እንወጣ ነበር፤ አሁን ሁለት ደረጃ እንወርዳለን። መንገዱ ከግቢያችን ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። በየቀኑ የምወርደውን ደረጃ ከግድግዳው ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ሰፈሩ ከጭቃ ወጥቷል፤ ነገር ግን ሲነጠፍ የጎርፉ መውረጃ አብሮ አልታሰበም፤ ተዳፋቱን ይዞ የሚወርደው ውሃ በበራችን ሥር ይገባል።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ለቀቀ፤ ቢሆንም ከጠቃሚዎቹ አንዱ ክፍል ይኸው ነው። በ8ኛው መልስ የኮንዶሚኒየሟ እህት ተመልሳ የእሷ ጥያቄ እንደተዘለለ በቅሬታ አሳሰበች። 9ኛው የአንድ የፊዚክስ መምህር መልስ ነው፤ የእሷ ቤት ውሃ ከመሬትም ከጣራም እንዳልመጣ፣ ከቤተሰቡ ትንፋሽ፣ ከድስቱና ከምጣዱ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ ከሚሰጣው ልብስ እንደመጣ አስረዳ። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር በ1 ሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል ውሃ ይሸከማል፤ 10 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የሚችለው 9 ግራም ብቻ ነው። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሞቃቱ የቤት አየር የቀዘቀዘውን የኮንክሪት ምሰሶ ሲነካ ትርፉን ውሃ እዚያው ይተወዋል፤ ማዕዘኑና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ቦታ ንፋስ ስለማያገኝ ሻጋታ ይጀምረዋል።

10ኛው መልስ ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አመጣ፦ ንጹሕ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ሁለት ቀን መተው። ውሃው ከፕላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ካዠ ከትንፋሽ ነው፤ ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል ካዠ ከግድግዳው ነው። እኔም ሞከርኩት። የእናቴ ከጀርባ ሆነ። እህታችን ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ የእሷ ከፊት መሆኑን ጻፈች፤ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃ፣ እንጀራ ስትጋግር መስኮት ከፍታ፣ ልብሱን ወደ በረንዳ አውጥታ፣ ጥቁረቱን በበረኪና አጥባ በ15 ቀን ለውጥ አይታለች። በረኪናን ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር መቀላቀል አደገኛ መሆኑን አንድ ሰው ወዲያው ማስጠንቀቁ ጥሩ ነበር።

11ኛውና 12ኛው መልስ ስለ ልብስ ሽታ ናቸው፤ ጋቢ በክረምት እንዴት እንደሚከረፋ፣ የወይራ ጭስ እንዴት እንደሚረዳው። ከዚያ አንዲት እናት ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለው መኝታ ቤት በማስገባት ግድግዳውን እንደሚያደርቁ ጻፉ። 13ኛው መልስ ከአንዲት ነርስ መጣ፤ የክሩ ድምፅም እዚህ ላይ ጠነከረ። በር ዘግቶ ከሰል ማደር ቤተሰብ እንደሚገድል፣ መርዙ ሽታ እንደሌለው፣ በየክረምቱ ሰው በዚህ ምክንያት እንደሚሞት ያለ ምንም ማለሳለሻ ጻፈች። በ14ኛው መልስ እናትዮዋ ተከፉ፤ 30 ዓመት እንደኖሩበት፣ ልጅ ሊመክራቸው እንደማይገባ ገለጹ። ነርሷ በ15ኛው ይቅርታ ጠይቃቸው፣ እርስዎ እያለች ቃሏን አለዘበች፤ ነገሩን ግን አላነሰችውም። ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ። ለእኔም አንድ ነገር አከለች፦ ሻጋታ አስም ያለበትን ሰው ያባብሳል፣ ነገር ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው በግድግዳው ብቻ ሳታመካኝ ለሳንባ ነቀርሳ አስመርምራቸው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም በነጻ ነው። ወሰድኳት። ከበሽታው ነጻ ሆነች። ለነርሷ ያለኝን ምስጋና እዚህም እደግመዋለሁ።

ዋናው ክርክር ከ16 እስከ 23 ድረስ ነው። አንድ በደብረ ብርሃን አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አባት፣ በልጃቸው እጅ እያጻፉ፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነገሩን። የጭቃ ግድግዳ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይተነፍሳል፤ እኛ ሲሚንቶና የዘይት ቀለም አልብሰን አፈንነው። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ አብሮት ስለማይሰፋና ስለማይጠብብ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ የለውም፤ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

17ኛው መልስ ሰጪ ወጣት መሐንዲስ ነው። ይህ ያለፈበት አስተሳሰብ እንደሆነ፣ ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት መሠራት እንዳለበት፣ መሠረቱ ላይም እርጥበት የሚከለክል ንጣፍ ሳይገባበት የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ኪሳራ እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። በ18 አንዱ በየትኛው ገንዘብ ብሎ አፋጠጠው፤ የጡረተኛ እናት ቤት ፈርሶ እስኪሠራ የት ትቀመጥ? 19ኛው የጎንደር ሰው ነው፤ የፋሲል ግቢ ግንብ በኖራ መገንባቱን፣ በጣሊያን ጊዜ ሲሚንቶ ገብቶበት እንደነበርና ኋላ ጠጋኞች ወደ ኖራው መመለሳቸውን አስታወሰ። መሐንዲሱ በ20 ግንብና የጭቃ ቤት አንድ አይደሉም አለ፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን አባትዬውን የሚነካ ቃል ጨመረበት። 22ኛው መልስ ከዚያ የባሰ ስለነበር አስተናባሪው አጠፋው። እኔን ያሳዘነኝ፣ አባትዬው ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አለመጻፋቸው ነው። የሚያውቁትን ሊያካፍሉን የመጡ ሰው ነበሩ።

ፎርማኑ በ21 እና በ23 ሁለቱን ለማስማማት ሞከሩ። አዲስ ቤት ለሚሠራ መሐንዲሱ ልክ ነው፤ ከመሠረቱ በላይ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሳይዘረጉ ብሎኬት መደርደር ስሕተት ነው፣ ብሎኬትም እንደ ጭቃው ይስባል። ቆሞ ላለው ቤት ደግሞ አባትዬው ልክ ናቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ ልስኑን በጣቴ አንጓ እንዳንኳኳና ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ምልክት እንዳደርግ፣ ቀጥሎም ቋሚዎቹን ከግርጌያቸው በረጅም ምስማር እንድወጋ አዘዙኝ። አሥራ አራት ቋሚ ወጋሁ። በአሥራ ሁለቱ ምስማሩ አልገባ አለ። በጀርባ በኩል ባሉት ሁለቱ ግን እንደ ቅቤ ሦስት ጣት ያህል ሰመጠ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ምንም አልነገርኳትም፣ ሆኖም ገባት።

24ኛው ሌላ ጉዳይ ይዞ መጣ። ተከራይ ነው፤ ልጁ በሻጋታው ይታመምበታል፣ አከራዩን ቢጠይቅ ኪራይ ይጨምርብኛል ብሎ ይፈራል። በ25 አንድ የሕግ ባለሙያ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራዩ ሊያደርገው ከሚገባው አነስተኛ እድሳት ውጭ ያለውን ጥገና በአከራዩ ላይ እንደሚጥል፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም የኪራይ ጭማሪን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሆን እንደሚገድብ አብራራ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብም መከረ። 26ኛዋ ከለንደን ናት። እንግሊዝ ውስጥ ሮችዴል በምትባል ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. የ2 ዓመት ሕፃን በቤቱ ሻጋታ ሳቢያ መሞቱን፣ በ2023 እ.ኤ.አ.ም የማኅበራዊ ቤት አከራዮች በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሕግ መውጣቱን ጻፈች። የተከራዩን ጭንቀት ላነበበ ሰው ይህ ከርእስ መውጣት አይመስለውም። 27ኛው ግን ወደ ጉለሌ ተመለሱ ብሎ ሁላችንንም ቆጣ።

በ28 አንድ ሰው ዛሬውኑ በግድግዳው ሥር ቦይ ቆፍር አለኝ። አካፋ አንሥቼ ነበር። ፎርማኑ በ29 ከዚያ በፊት አይቼባቸው በማላውቀው ቃል ከለከሉኝ፦ በነሐሴ ውሃ በጠጣ መሬት ላይ፣ ያውም ቋሚው በበሰበሰ ቤት ሥር መቆፈር ግድግዳውን በእናትህ ላይ መጣል ነው። አሁን የሚቻለው ውሃውን ከላይ መመለስ ብቻ ነው፤ አሸንዳ ስቀል፣ በበሩ ላይ ጎርፉን የሚመልስ እርከን አብጅ፣ ከግድግዳው ጋር የተከመረውን አፈርና እንጨት አንሣ። ቁፋሮውም ምርጊቱም ከመስቀል በኋላ።

እንዲያ አደረግን። በ30ኛው መልስ የሠራነውን ጽፌያለሁ። ጥቅምት ላይ ከውጭ በኩል እስከ ወገብ ያለውን ሲሚንቶ አነሣን፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ሊጥ ይሆን ነበር። አምስት ሳምንት ፀሐይና ንፋስ እንዲመታው ተውነው። ሁለቱን ቋሚዎች ደግፈን ቀየርናቸው። አዲስ የጤፍ ጭድ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስለተገኘ ጭቃው ከእሱ ጋር ቦክቶ ሰነበተ፤ በታኅሣሥ ተመረገ፣ ሲደርቅም ኖራ ተቀባ። መሬቱን ከግድግዳው ወደ ውጭ በ1 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አስተካከልነው፤ ከግድግዳው ራቅ አድርገን ጠጠር የሞላ ቦይ ሠራን፣ የአሸንዳው ቱቦም እዚያ ይገባል። በውስጥ በኩል የዘይት ቀለሙን ፍቀን አስለቀቅነው። በተከታዩ ሐምሌ መስመሩ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወርዶ አየሁት። ጨርሶ አልጠፋም፤ ፎርማኑም መጀመሪያውኑ ይጠፋል አላሉኝም።

31ኛውና 32ኛው የደስታ መግለጫ ናቸው። 33ኛው አጭር ጥያቄ ነበር፦ ቦዩ የት ይደርሳል?

መልሱን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቦዩ የሚያልቀው በአጥራችን ሥር ነው። ከአጥሩ ባሻገር፣ ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ የአንዲት ጎረቤታችን ማድ ቤት አለ። ሄጄ አየሁት። ጀርባው እስከ ጉልበት ርሷል፤ አምና እንዲህ አልነበረም። ሴትዮዋ ከእናቴ ጋር 40 ዓመት ቡና የጠጡ ናቸው፤ አፍ አውጥተው ግን አልከሰሱንም። ውሃውን ከእናቴ ቤት አውጥቼ ለእሳቸው ሰጥቻቸዋለሁ። በ34 ይህንኑ እንዳለ ጻፍኩት። መሐንዲሱ በ35 ተመልሶ መጣ፤ ያለ ቁጣ፣ ቦዩ የሚያልፍባቸውን የሦስቱን ግቢ ከፍታ በውሃ ልክ ለክቶ ቦዩን እስከ ዋናው መንገድ ማፋሰሻ የሚያደርስ ንድፍ በነጻ እንደሚሠራልን ጻፈ። መጥቶም ሠራ። ለደብረ ብርሃኑ አባት ይቅርታ እንዳደርስለት ጠየቀኝ፤ አድራሻቸው የለኝም፤ ምናልባት ልጃቸው ይህን ቢያነብ።

36ኛው የእኔ ነው። የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው የሦስቱ ግቢ ባለቤቶች በእኩል እንድናዋጣ ተስማምተናል። ርዝመቱ 22 ሜትር ነው፤ 18ቱ አልቋል። የቀረው 4 ሜትር በኮብልስቶኑ ሥር የሚያልፈው ስለሆነ ፈቃድ እየጠበቅን ነው፤ እስከዚያ ድረስ በጎረቤታችን ግድግዳ ጀርባ አፈር የሞላ ከረጢት ደርድረናል፣ ዝናብ ባቆመ ቁጥርም እየሄድኩ አየዋለሁ።